ለቆጠራ የተዋሰ ልጅ

ሦስት ወንዶች ስለ ሰፊያ ጡት ሊመክሩ እሑድ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሳክሲ ከተማ ባለው ቤቷ ሳሎን ውስጥ ተቀመጡ፤ እሷን ግን ሻይ አምጪ አሏት። ስብሰባው የመጀመሪያቸው አይደለም። ባለፈው እሑድ ሳምቡሳ ጠብሳላቸዋለች፣ ከዚያ በፊት በነበረው ደግሞ ሩዝ በሥጋ ሠርታላቸዋለች። በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ መርቀው ሄዱ እንጂ አንዳቸውም ቀና ብለው «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላሏትም። ጡቱ የእሷ ሆኖ ሳለ የሚጠየቀው ወረቀቱ ነበር።

ወረቀቱ ጠረጴዛው መሀል ተዘርግቷል። ገዳሪፍ አጠገብ በነበረ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ፣ በፈረንጅ 1985፣ ስንዴና ዘይት ለማደል ሰው ሲቆጠር የተሞላ ነው። በእንግሊዝኛ በታይፕ ተመትቷል፤ ጠርዙን ብል በልቶታል። የቤተሰብ ኃላፊ ጀላሉዲን፣ ሚስት ሰፊያ፣ ሴት ልጅ ኢልሀም ሦስት ወር፣ ወንድ ልጅ ኡሳማ አራት ወር ይላል። ይህን ያነበበ ሁሉ ግንባሩን ይቋጥራል። አንዲት እናት በአንድ ወር ልዩነት ሁለት ልጅ እንዴት ትወልዳለች? መንታ ናቸው እንዳይባል ዕድሜያቸው ለየቅል ነው። ከሌላ ሚስት የተወለደ ነው እንዳይባል ጀላሉዲን ከሰፊያ ሌላ ሚስት ኖሮት አያውቅም።

ተራ እንቆቅልሽ ቢሆን ኖሮ ተስቆበት ያልፍ ነበር። ግን ይህ የአራት ወር ኡሳማ ዛሬ ጎረምሳ ሆኖ ኢልሀምን ሊያገባ ነው። ሌዊስቪል አዳራሽ ተይዟል፣ ጥሪው ተበትኗል። ይሄ ልጅ የሰፊያን ጡት ጠብቶ ከሆነ ደግሞ እሱና ኢልሀም የጡት ወንድምና እህት ናቸው። በእስልምና ኒካሁ ሐራም ነው፣ አለቀ። ሦስቱ ወንዶች፣ ጀላሉዲን፣ የኡሳማ አጎትና ሽማግሌው ሐጂ ጦልሃ፣ የሚመክሩት ይህን ነበር።

ወረቀቱን ከተኛበት የቀሰቀሰችው ራሷ ኢልሀም ናት። ሠርጉ ላይ በትልቅ ስክሪን የሚታይ የልጅነት ፎቶ ፈልጋ እናቷን ወጥራ ያዘቻት። በካምፕ ውስጥ ማን ፎቶ አንስቷት! ሰፊያ የሌላትን ከየት ታምጣ፣ ከቁም ሳጥኑ ሥር የካምፑን ወረቀቶች የያዘውን ፌስታል አውጥታ ሰጠቻት። ልጅቷ ፋርመርስ ብራንች ከተማ የምትሠራበት ቢሮ ወስዳ ሁሉንም ስካን አደረገች፣ ሳታነብ ለኡሳማ ላከች፣ ማታ እራት ላይ ነው ያነበበችው።

«ማሚ፣ ሶ... ይሄ ኡሳማ የሚለው የኔ ኡሳማ ነው? ያንቺ ልጅ ነው ይላል እኮ!»

ሰፊያ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ነው የሳቀችው። «የተዋስነው ነዋ!» አለች።

መዋሱ እንዲህ ነው። ቆጣሪዎቹ ካምፑን በአንድ ቀን አይጨርሱትም፤ ዛሬ የላይኛውን ረድፍ፣ ነገ የታችኛውን ይቆጥራሉ። የሚሰጡት ስንዴ ደግሞ አንድን ቤተሰብ ወሩን ሙሉ አያደርስም። ሶ፣ ዛሬ የሚቆጠረው ረድፍ ነገ ከሚቆጠረው ሕፃን ይዋሳል፤ በማግስቱ ውለታውን ይመልሳል። ይህን የምታስተናብር የትምወርቅ የምትባል ቀልጣፋ ሴትዮ ነበረች። ሕፃናቱን በሻሽ ጠቅልላ ከድንኳን ድንኳን ታዘዋውራለች፤ የማን ልጅ ወደ ማን ድንኳን እንደገባ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ለቆጣሪው ፈረንጅ ሕፃን ሁሉ አንድ ነው። ሰፊያም ጧት ከታችኛው ረድፍ የመጣ አንድ ወንድ ልጅ ታቀፈች፣ ስሙ ኡሳማ ነው ተባለች፣ አስቆጠረች፣ ከቀትር በፊት መለሰች። በማግስቱ የእሷ ኢልሀም በተራዋ ሄደች። በዚህ የሚያፍር አልነበረም፤ የተራበ ሰው ያገኘውን ዘዴ ሁሉ ይሞክራል።

የልጁ እናት አረጋሽ እንደምትባል ያወቀችው ከብዙ ዓመት በኋላ እዚሁ አገር ነው። አረጋሽ የወሎ ሴት ናት፤ ወሎ ስም የሃይማኖት መታወቂያ ስላልሆነ አረጋሽ ተብላም ሶላቷን አታጓድልም። ባሏ ከሞተ በኋላ ከሲያትል ወደ ሌዊስቪል መጣች፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ ያዘች። በዒድ ቀን ከሰፊያ ጋር ወሬ ሲያነሱ በዚያው ካምፕ እንደነበሩና ያ የተዋሰችው ኡሳማ የአረጋሽ ልጅ እንደሆነ ታወቀ፣ ተቃቅፈው ተላቀሱ፣ ልጆቻቸውም በዚያው ተዋወቁ። እንግዲህ ነገሩ የተደበቀ ምንም አልነበረበትም።

ጀላሉዲን ግን ያን ማታ አልሳቀም። ፊቱ አመድ መሰለ፣ ሹካውን አስቀምጦ ተነሣ። ጀላሉዲን በታክሲ ሹፌርነት ጀምሮ ዛሬ የራሱን ታክሲዎች የሚያሠራ፣ በመስጊዱ ኮሚቴ ውስጥ ቃሉ የሚከበር ሰው ነው። ወንድሙን ከነቤተሰቡ ከናይሮቢ ለማምጣት አመልክቷል። በዚያ ዓመት ደግሞ የአመልካቾች ምራቅ ለዝምድና ምርመራ እየተወሰደ፣ ልጄ ያሉት ልጅ አልሆን እያለ፣ የብዙ ሰው ጉዳይ ቆሞ ነበር። ሰውየው ፈርቷል። ፍርሃቱ የውሸት አልነበረም፤ የሠራው ሥራ ግን ይቅር የሚባል አይደለም።

ያ የተላከ ወረቀት ከኡሳማ ወደ አጎቱ፣ ከአጎቱ ወደ ሽማግሌው ሐጂ ጦልሃ ደርሶ ሳምንቱ ሳያልቅ «ይህ ልጅ እንዴት በስምህ ተመዘገበ?» ተብሎ ተጠየቀ። ጀላሉዲን ትንሽ አሰበና «ሰፊያ አጥብታው ነበር መሰለኝ፤ ለዚያ ነው ልጃችን ብለን ያስቆጠርነው» አለ። መሰለኝ ያላት ቃል በሁለተኛው ስብሰባ ጠፍታ አጥብታዋለች ብቻ ቀረ።

ሰፊያ ይህን የሰማችው ከሰው አፍ ነው። ፋርመርስ ብራንች መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታሽግ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ «አብሽሪ እህቴ፣ ልጆቹ ሳይጋቡ መታወቁም የአላህ ሥራ ነው» አለቻት። ደሟ ፈላ። ቤት ገብታ ጀላሉዲንን ጋራዥ ውስጥ አገኘችው።

«ጀላል፣ እኔ ማንን ነው ያጠባሁት?»

«ሰፊ፣ ቀስ በይ። ልጅቷ ትሰማለች።»

«ትስማ! ለቆጠራ ተውሰነው ነው በል። ይሄን መናገር ምን ይከብዳል?»

«ምን ይከብዳል ትያለሽ? የወንድሜ ኬዝ ኦፕን ነው። ፋይሌን አውጥተው እያዩት ነው። ሐሰት አስቆጥረን ነበር ብዬ በሰው ፊት ላውራ? ነገ አንዱ ሪፖርት ቢያደርገንስ?»

«ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ለበላነው ስንዴ?»

«እነሱ ስንዴ አይሉትም። ፍሮድ ነው የሚሉት።»

«ወተት እንዳልነበረኝ ታውቃለህ አይደል? አንተ ነህ የዱቄት ወተቱን ወረፋ የቆምከው። ታውቃለህ አይደል ጀላል?»

እሱ ግን የመኪናውን መስታወት መጥረግ ጀመረ። ከዚያ ጀርባውን እንደሰጣት «ልጅቷ ሌላ ባል አታጣም፤ ወንድሜ ግን ሌላ ወንድም የለውም» አላት።

ሰፊያ ይህን ቃል ስትሰማ ያንን የመስታወት መጥረጊያ አፉ ውስጥ ልትወትፈው አማራት። ኢልሀም መብላት አቁማለች፣ ፎቅ ላይ ተዘግታ ትውላለች። ኡሳማ ስልክ ሲደውል ምን ብሎ እንደሚጠራት ግራ ይገባዋል፤ የኔ ፍቅር እንዳይላት እህቱ ልትሆን ነው፣ እህቴ እንዳይላት አንደበቱ እንቢ ይለዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው አንድ ፈሪ ሰው እውነቱን ለመናገር ስላልደፈረ ነው። ሰፊያስ ለምን ሄዳ አልተናገረችም? ሁለት ጊዜ ደፍራ ለመናገር ስትሞክር ጀላሉዲን «የወንዶች ጉዳይ ነው» ብሎ በር ዘግቶባታል። ደግሞም ወተት አልነበረኝም ማለት ለሌላ ሰው ቀላል ቃል ነው፤ ለእሷ ግን የካምፑ ሴቶች «ደረቋ» እያሉ የጠሩባት፣ ልጇ አፏን ከፍታ ስታለቅስ የሰማችበት ዘመን ነው። ወላድ ሆና ልጇን ማጥባት ያቃታት ሴት ያንን በወንዶች ፊት ለመናገር ታፍራለች።

በሦስተኛው እሑድ ግን አረጋሽም መጣች። ማንም አልጠራትም። ወንድሟ፣ ማለትም የኡሳማ አጎት፣ መኪናውን ሲያስነሣ ከኋላ ወንበር ገብታ ተቀመጠችና አልወርድም አለች። ሳክሲ ሲደርሱ ቀጥ ብላ ወደ ሰፊያ ኪችን ገባች።

«ልጄን ያዋስኩት እኔ ነኝ» አለች ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ። «ጧት ሰጥቼ ከቀትር በፊት ተቀብያለሁ። ጡቴ ሞልቶ ሲያመኝ ነው የመጣልኝ፣ እንደ ጉድ ነው የጠባው፣ ርቦት ነበር። ባንቺ ጡት ጠግቦ ቢሆን እንደዚያ አይጠባም ነበር። ለወንድሜ ነግሬዋለሁ። አንቺ ዝም በይ ይለኛል።»

«እኔንም እንደዚያው ነው» አለች ሰፊያ። ሁለቱም ተያዩ። ሰፊያ ትሪውን አነሣች፤ አረጋሽ የሻዩን ማንቆርቆሪያ ይዛ ተከተለቻት።

ሳሎን ሲገቡ ሐጂ ጦልሃ እየተናገሩ ነበር። ሽበታቸው የሚያምር፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ናቸው። «ጀላሉዲን፣ አላህን ፍራና እቅጩን ንገረን። መሰለኝ አይበቃም። በዓይንህ አይተሃል?» ይሉታል።

ጀላሉዲን ትሪ ይዛ የቆመችውን ሚስቱን አላያትም። ዓይኑን በጨው አጥቦ «ስታጠባው አይቻለሁ ሐጂ» አለ።

ሰፊያ ትሪውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው። ኩባያዎቹ ተንኳኩ፣ ስኳሩ ተደፋ።

«የቱን ጡት?» አለችው።

«ሰፊ...»

«የቱን ጡት ነው ያየኸው? ቀኙን ነው ግራውን? ሦስት እሑድ ሙሉ ስለ ጡቴ ስታወራ ከረምክ፤ ይሄን እንዴት ሳትነግራቸው ቀረህ? በላ ንገራቸው!»

«አስተግፊሩላህ» አለ የኡሳማ አጎት፣ ዓይኑን ወደ ምንጣፉ ሰብሮ።

«አትፈሩ ቀና በሉ! ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ሩዜን ሲበሉ፣ ሻዬን ሲጠጡ አንድ ቀን እንኳ ጠርተው ጠየቁኝ? እኔ ወተት አልነበረኝም። ሰምተውኛል? ጠብ አላለኝም። ወልጄ ሳምንት ሳይሞላኝ በታይፈስ ወደቅሁ፣ ሲሻለኝ ጡቴ ደርቆ ነበር። የራሴን ልጅ ማጥባት ያቃተኝ ሴት የሰውን ልጅ ከየት አምጥቼ አጠባለሁ? ይሄ ሰውዬ ያውቃል። ልጁን ለቆጠራ ነው የተዋስነው። ስንዴ እንዲጨምሩልን ነው። ፍሮድ ከሆነ እኔ ነኝ ፍሮድ የሠራሁት፤ ከፈለጉ እኔን ይሰሩኝ። ልጄን ግን በውሸት ከባሏ አይለዩብኝ!»

«እውነቷን ነው» አለች አረጋሽ ከኋላዋ። «ያዋስኩት እኔ ነኝ። የካምፑ ሰው ሁሉ ይዋዋስ ነበር። አንተም ወንድሜ፣ የተዋስናቸውን ሕፃናት አንተው በሻሽ ስር ይዘህ ታሻግር አልነበር? አሁን ጨዋ ሆንክ?»

አጎትዬው ሳል ሳል አደረገው። ጀላሉዲን አንገቱን ደፋ። ሐጂ ጦልሃ ጢማቸውን አሻሹ።

«በዚህ ጉዳይ የሴቲቱ ቃል ይቀድማል» አሉ በመጨረሻ። «መጀመሪያም እሷን መጠየቅ ነበረብን። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አውፍ በይኝ ሰፊያ። ጀላሉዲን፣ አንተ ከአላህ ጋር ትነጋገራለህ። ልጁ ካልጠባሽ እህቱ አይደለችም። ኒካሁ ይታሰር።»

ሰፊያ ሶፋው ክንድ ላይ ተቀመጠች። ፎቅ ላይ የኢልሀም በር ሲከፈት ሰማች፤ ልጅቷ ሁሉንም ስትሰማ ቆይታ ኖሯል። አረጋሽ ሰፊያን አቅፋ ሳመቻት፣ ከዚያ በደስታ ሻይ መቅዳት ጀመረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፊያ እንደ ሰው ሳሎኗ ውስጥ ተቀመጠች፤ ወንዶቹም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብለው አዩዋት።

ሐጂ ጦልሃ የተሰበረውን ሊጠግኑ ፈልገው ረጋ ብለው ጠየቋት። «አይ ያ ጊዜ! ወተት ሳይኖርሽ ታዲያ ይህችን የመሰለች ልጅ በምን አሳደግሻት?»

«በዱቄት ወተት ነዋ ሐጂ!» አለች ሰፊያ። ያን ሁሉ ዓመት ያፈረችበት ነገር አሁን እንደ ጀብድ ከአፏ ወጣ። «ባዶ የሳል መድኃኒት ጠርሙስ ነበረኝ። ጫፉ ላይ ጎማ አድርጌ በቀይ ክር አሰርኩት። ከእጄ አይለይም። ለቆጠራ የሄደች ዕለት እንኳ ያንኑ ጠርሙስ ሞልቼ፣ ልጄን በአረንጓዴ ሻሼ ጠቅልዬ፣ ጠርሙሱን ጎኗ ውስጥ ሸጉጬ ነው ለየትምወርቅ የሰጠኋት። ሰው ቤት ሄዳ እንዳይርባት ብዬ።»

አረጋሽ የምትቀዳው ሻይ ኩባያውን ሞልቶ ትሪው ላይ ፈሰሰ። ማንቆርቆሪያውን አላቀናችውም።

«አረንጓዴ ሻሽ?» አለች።

«አዎ። ዳር ዳሩ ቢጫ የሆነ።»

አረጋሽ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ፊቷ ልክ እንደ ታመመ ሰው ሆነ። መናገር እንደማትፈልግ ከንፈሯ ያስታውቃል፤ ያም ሆኖ ተናገረች። «ስሟን አልነገሩኝም። የትምወርቅ ጥላብኝ ሮጠች። ፋጡማ ብዬ ነው ያስቆጠርኳት። እኔ ጋ ስትመጣ ገና አልነጋም። የኛን ረድፍ ዘግተው እስከ ማታ አቆዩን፣ ማንም እንዳይወጣ ብለው። የማን ልጅ እንደሆነች... ወላሂ የማን ልጅ እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።»

ሐጂ ጦልሃ «አጥብተሻታል?» ብለው ጠየቋት።

«አዎ ሐጂ።»

«አንዴ ነው?»

«ባለቀሰች ቁጥር። ቀኑን ሙሉ። እስክትጠግብ። እንቅልፍ ወስዷት ስትነቃም ደግሜ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም፤ የሚጠየቅም አልነበረም። ልጁ ሰፊያን ባይጠባም ልጅቷ አረጋሽን ጠብታለች። ያው ነው፣ ወንድምና እህት ናቸው።

ጀላሉዲን ቀስ ብሎ ትንፋሹን አወጣ። «ሱብሐነላህ! ሐራም ነው አላልኩም?» አለ። «እንግዲህ ይሄ የቆጠራው ነገር ከዚህ ቤት ባይወጣ...»

ሰፊያ እስኪጨርስ አልጠበቀችውም። ከትሪው ሥር ወረቀቱን መዘዘችው፣ በሻይ ርሷል፣ እሱኑ እርጥቡን ደረቱ ላይ ወረወረችበት። «አንተ አላውቅህም! ውሸትህ እውነት ሆኖ ስለወጣልህ ደስ አለህ? ልጅህ ስትቀበር አልሐምዱሊላህ የምትል ሰው ነህ? ይሄን ወረቀትህን ይዘህ ውጣልኝ! ወንድምህን አምጣና ከእሱ ጋር ኑር!»

ጀላሉዲን ወረቀቱን ከሸሚዙ ላይ አላቀቀ። አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ያን ጊዜም ቢሆን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ሰፊያ ይህንን ስታይ ቆሽቷ አረረ፤ ንዴቷ ግን በእሱ ብቻ የሚበርድ አልነበረም። ዞር ብላ አረጋሽ ላይ ጮኸች።

«ጠርሙስ ልኬልሽ አልነበር? ሞልቼ አልላክሁም? ማን አጥቢ አለሽ!»

«በዚያ ፀሐይ ተበላሸ እህቴ» አለች አረጋሽ። «ሸተተ። ደፋሁት።»

«ብትደፊውስ! የሰው ልጅ ናት! ለአንድ ቀን ያዋስኩሽን ልጅ...» ሰፊያ የምትሰድበው ሰው አጥታ እጇን አየር ላይ አወናጨፈች። የትምወርቅን እንዳትሰድብ የት እንዳለች አይታወቅም። ቆጣሪዎቹን እንዳትሰድብ ሥራቸውን ነው የሠሩት። ፊት ለፊቷ የቆመችው ደግሞ ዝም ብትል ማንም የማያውቅባት፣ ግን ዝም ያላለች ሴት ናት። ይህ ይበልጥ አናደዳት።

ኢልሀም ደረጃውን ወርዳ መጨረሻው ላይ ቆማለች። ፀጉሯ አልተበጠረም፣ ባዶ እግሯን ናት። ስልኳ በእጇ ነው፤ በሌላኛው ጫፍ ኡሳማ «ሀሎ? ሀሎ ኢልሁ?» ይላል። አላናገረችውም። አረጋሽን ብቻ ነው የምታየው፣ አማት ልትሆናት የነበረችውን፣ አሁን የጡት እናቷ ሆና የተገኘችውን ሴት። ድምፅዋ እንደ እናቷ በቁጣ ተንቀጠቀጠ።

«ለምን አጠባሽኝ?» አለች። «ለምን? የማታውቂውን ልጅ ለምን?»

አረጋሽ ሰፊያን አየች። ሰፊያ ፊቷን አዞረችባት። ሐጂንም አየች፤ አቀርቅረዋል። ከዚያ ወደ ልጅቷ ተመለሰች።

«ርቦሽ ነበር» አለቻት።